ማንኪያው አንድ ቢሆንም መድኃኒቱ ይለያያል

በዛሬው የቤተ ሰብ ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለ መድኃኒት አሰፋፈር ነው። መድኃኒት በሐኪም ታዞና በገንዘብ ተገዝቶ ቤት ከገባ በኋላ የመጨረሻውን ሥራ የሚሠራው ሐኪሙ አይደለም፤ ማንኪያ የያዘች እናት ናት። ሐኪሙ ያሰበው ሁሉ የሚሰምረውም ሆነ የሚበላሸው በእርሷ እጅ ላይ ነው። ስለዚህ መስፈር ቀላል ነገር መስሎ ቢታይም የሕይወት ጉዳይ መሆኑን በአንድ ምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን። ምሳሌውንም የምናመጣው ከጐረቤታችን ከሱዳን፣ በካርቱም ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩበት ከነበረው ከዴም ሰፈር ነው።

ዴም ከካርቱም መካከል ወደ ደቡብ የሚገኝ የሕዝብ መኖሪያ ነው። የቀድሞዎቹ ዴሞች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ አዲሱ ዴም ተዛወሩ። ከዚያም ወዲህ ከአገራችን በስደትም በሥራ ፍለጋም የሄዱ ሰዎች በዚያ ተሰባስበው እንጀራ የሚጋገርበት፣ ቡና በጀበና የሚፈላበት፣ አማርኛና ትግርኛ በየደጃፉ የሚሰማበት ሰፈር አደረጉት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ፣ በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ይህ ኑሮ ተበተነ። ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚህ በታች የምንተርከው ግን ከዚያ በፊት፣ በ2014 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን ነው።

በዚያ ክረምት ዴምን በጐበኘንበት ጊዜ ቡና አፍልታ በምትሸጥ አንዲት እኅታችን ዘንድ ተቀምጠን ሳለ ከመጋረጃው ኋላ ሕፃን አለቀሰ። ልጁ የ9 ወር ሕፃን ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ትኩሳት ይዞት ነበር። እናቱም «መድኃኒቱን አሁን ሰጥቼዋለሁ፤ ይተወዋል» ብላ ወደ ከሰሉ ተመለሰች።

ከእኛ ጋር ቡና ይጠጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው በአገራቸው በድሬሰርነት ያገለገሉ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ተሰደው ካርቱም የገቡ ሰው ናቸው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ» እያለ ይጠራቸዋል። እርሳቸውም ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣

«ልጄ፣ የሰጠሽውን መድኃኒት እስቲ አሳዪኝ» አሏት።

ሁለት ጠርሙሶች ይዛ መጣች። አንደኛው ባዶ ነው። እኅቷ ከአዲስ አበባ በመንገደኛ እጅ የላከችላት የፓራሲታሞል ሽሮፕ ነበረ። አብሮትም «አንድ የሻይ ማንኪያ በየ6 ሰዓቱ» የሚል ማስታወሻ ተልኮላት ነበር። ሁለተኛው ያን ዕለት ጧት በአቅራቢያዋ ካለ መድኃኒት ቤት የገዛችው ትንሽ ጠርሙስ ነው።

«የበፊቱ አለቀብኝ። ይኸኛውም ያው ፓራሲታሞል ነው፤ ስለዚህ እንደ ወትሮው አንድ ማንኪያ ሰጠሁት» አለች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ትንሹን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አዞሩትና፣

«ይህ ጠርሙስ ስንት ማንኪያ ይወጣዋል?» ሲሉ ጠየቋት።

«ሦስት ያህል ይወጣዋል፣ ጋሼ።»

«በየ6 ሰዓቱ ስትሰጪው በቀን አራት ማንኪያ ይሆናል። እንግዲያስ ለአንድ ቀን እንኳ አይበቃሽም። ለአንድ ቀን የማይበቃ መድኃኒት ማን ይሠራል?»

እናትየዋ ደነገጠች። «ምን አደረግሁ፣ ጋሼ?» አለች። እርሳቸውም ሳይቈጡ እርሳስ አወጡና በዚያው ከአዲስ አበባ በመጣው ወረቀት ጀርባ ላይ ሒሳቡን ጻፉላት።

በባዶው ጠርሙስ ላይ የተጻፈው «በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 120 ሚሊግራም» ይላል። በትንሹ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ደግሞ «በ1 ሚሊሊትር ውስጥ 100 ሚሊግራም» ይላል። ይህ ለጨቅላ ሕፃናት በጠብታ የሚሰጥ፣ በጥቂት ፈሳሽ ብዙ መድኃኒት የተቋጠረበት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊሊትር ያህል ይይዛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጠርሙስ አንድ ማንኪያ ሲቀዳ ልጁ 120 ሚሊግራም ያገኛል፤ ከሁለተኛው ሲቀዳ ግን 5 ጊዜ 100፣ ማለትም 500 ሚሊግራም ያገኛል። ማንኪያው አልተለወጠም፤ የመድኃኒቱም ስም አልተለወጠም፤ ልጁ የዋጠው መድኃኒት ግን ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ።

ሽማግሌውም በዚያ አላበቁም። «አሁኑኑ ልጁን እዘዪው፤ ሕክምና ቤት እንሄዳለን፤ ሁለቱንም ጠርሙሶች ያዢ» አሏት። በሕክምና ቤቱ ልጁን መዘኑት፤ 8 ኪሎግራም ሆነ። ለሕፃናት ፓራሲታሞል የሚሰጠው በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎግራም ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። በየመካከሉ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቈያል፤ በቀንና በሌሊትም ከአራት ጊዜ አይበልጥም። እንግዲህ ለዚህ ልጅ ትልቁ የአንድ ጊዜ ልክ 8 ጊዜ 15፣ ማለትም 120 ሚሊግራም ነው፤ የቀኑ ሁሉ ልክ ደግሞ 480 ሚሊግራም ነው። እርሱ ግን በአንድ ማንኪያ ብቻ 500 ሚሊግራም ዋጠ። የአንድ ሙሉ ቀን ልኩን በአንድ ጉርሻ ጨርሶ አለፈው ማለት ነው።

ሐኪሙም ሒሳቡን አይቶ ይህች አንዲት ማንኪያ ብቻዋን ጉዳት ታደርሳለች ተብሎ እንደማያሠጋ ነገራቸው። በዚያ ቀን ግን ሌላ ፓራሲታሞል እንዳይሰጠው አዘዘና ልጁን በቅርብ ይጠብቁት ጀመር። በማግሥቱ ትኩሳቱ በርዶ፣ ልጁም እየሣቀ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ነገሩ ባይታወቅ ኖሮ ግን እናትየዋ በዚያ ቀን አራት ማንኪያ ልትሰጠው ነበር። አራት ማንኪያ 2000 ሚሊግራም፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ኪሎግራም 250 ሚሊግራም ይሆናል። ይህን ያህል ፓራሲታሞል የሕፃንን ጕበት ሊያጠፋ ይችላል። ከሁሉም የሚያስፈራው ደግሞ ልጁ በመጀመሪያው ቀን ደኅና መስሎ መታየቱ ነው። ስለዚህ መድኃኒት ከልክ በላይ መሰጠቱ የታወቀ እንደ ሆነ የሕመም ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ፣ ጠርሙሱን ይዞ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ማርከሻ መድኃኒት አለው፤ የሚጠቅመውም በጊዜ ሲደርስ ነው።

ከሕክምና ቤት ሲመለሱ እናትየዋ «ስሙ አንድ ከሆነ ኀይሉ እንዴት ይለያያል?» ብላ ጠየቀች። ሽማግሌውም የሰጧት መልስ ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ግልጽ ሆኖ ስላገኘነው እዚህ ላይ እናሰፍረዋለን። «አንቺ በየቀኑ ቡና ታፈያለሽ። አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም ስማቸው ቡና ነው፤ የሚቀዱትም በአንድ ሲኒ ነው። ነገር ግን አቦል ለለመደና ለልጅ የሚሰጥ በረካ እኩል ናቸውን? መድኃኒቱም እንዲሁ ነው። ስሙን አይተሽ ሲኒውን አትቁጠሪ፤ አቦል ይሁን በረካ መጀመሪያ እወቂ» አሏት።

አንባቢዎቻችን ሆይ፣ የመድኃኒት አሰፋፈር ትምህርት በሙሉ በዚህች በቡና ምሳሌ ውስጥ ይገኛል። አሁን በሥርዐት እንዘርዝረው።

መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት ሦስት ቁጥሮች በእጃችን ሊኖሩ ይገባል። የመጀመሪያው ሐኪሙ ያዘዘው የመድኃኒት ልክ ነው። ይህም በሚሊግራም ይነገራል፤ ለልጆችም ዘወትር ከክብደታቸው የተነሣ ነው። ሁለተኛው የጠርሙሱ ኀይል ነው፤ ይኸውም በስንት ሚሊሊትር ፈሳሽ ውስጥ ስንት ሚሊግራም መድኃኒት እንዳለ ማለት ነው። ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ ስፍሩ ግምት ይሆናል። ግምት ደግሞ ለጤፍና ለበርበሬ እንጂ ለመድኃኒት አይሆንም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ካገኘን የሚቀዳውን ፈሳሽ ለማወቅ የሚያስፈልገው ሒሳብ አንድ ብቻ ነው። የታዘዘውን ሚሊግራም በጠርሙሱ ላይ ለተጻፈው ሚሊግራም እናካፍላለን፤ ያገኘነውንም በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ሚሊሊትር እናባዛለን። ለምሳሌ ሐኪሙ 200 ሚሊግራም አሞክሲሲሊን አዟል እንበል። በጠርሙሱ ላይ «በ5 ሚሊሊትር 250 ሚሊግራም» ተጽፏል። 200 ለ250 ሲካፈል 0.8 ይሆናል፤ 0.8 በ5 ሲባዛ 4 ይሆናል። ስለዚህ የሚቀዳው 4 ሚሊሊትር ነው። መድኃኒት ቤቱ ባለ 250ውን አጥቶ «በ5 ሚሊሊትር 125 ሚሊግራም» የሚለውን ቢሰጥ ደግሞ 200 ለ125 ሲካፈል 1.6፣ በ5 ሲባዛ 8 ሚሊሊትር ይሆናል። የታዘዘው መድኃኒት አልተለወጠም፤ የሚቀዳው ፈሳሽ ግን እጥፍ ሆነ። በዚህ ጊዜ ማንኪያውን ሳትለውጥ የምትሰጥ እናት የልጇን መድኃኒት በግማሽ ታጐድላለች፤ በሽታውም ሳይድን ይቀራል። መብዛት እንደሚጐዳ ሁሉ ማነስም ይጐዳል።

ከሒሳቡም በኋላ ራሳችንን የምንጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ይህም የዴሙ ሽማግሌ የጠየቁት ዓይነት ነው። «ያገኘሁት መልስ ይመስላል ወይ? ጠርሙሱ ለታዘዘው ቀን ይበቃል ወይ? ለሕፃን የወጣው ስፍር ለዐዋቂ ከሚሰጠው ጋር እኩል አልሆነም ወይ?» ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። ነጥብ አንድ ቤት ስትዛነፍ መድኃኒቱ ዐሥር እጥፍ ይሆናልና። ስለዚህም በጤና ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ግማሽ ሲጽፉ ከነጥቡ በፊት ዜሮ አድርገው «0.5» ይላሉ፤ አምስት ሲጽፉ ግን «5» ብቻ ይጽፋሉ እንጂ «5.0» አይሉም። ነጥቡ ቢደበዝዝ 50 ተብሎ ይነበባል።

ስለ ማንኪያም አንድ ቃል እንጨምር። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊሊትር ይይዛል ተብሎ ይነገራል። በየቤታችን ያሉት ማንኪያዎች ግን እንደ ሠሪያቸው ይለያያሉ። ከመድኃኒቱ ጋር የመጣው ባለ ምልክት መስፈሪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ካለ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም። ስትሰፍሩም ምልክቱን በዐይን ትክክል አድርጋችሁ በብርሃን ተመልከቱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የተዋጠ መድኃኒት ግን አይለቀምም።

እስካሁን የተናገርነው በማንኛውም አገር ይሠራል። በዴም ግን ሌላ ችግር ነበረ፤ እርሱም የቁጥሮች መልክ ነው። እኛ ዘወትር 1፣ 2፣ 3 እያልን የምንጽፋቸውን ቁጥሮች «የዐረብ ቁጥር» እንላቸዋለን። ሱዳኖች በዐረብኛ ጽሑፍ የሚጠቀሙባቸው ቁጥሮች ግን መልካቸው ሌላ ነው። በእነርሱ አጻጻፍ አምስት ክብ ሆኖ የእኛን ዜሮ ይመስላል። ዜሮ ደግሞ ነጥብ ብቻ ነው። ስድስት የእኛን ሰባት ይመስላል። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ እንግዳ 250 ተብሎ የተጻፈውን አይቶ «20 እና ነጥብ» ነው ሊል ይችላል፤ «በየ6 ሰዓቱ» የሚለውንም «በየ7 ሰዓቱ» ብሎ ሊያነብ ይችላል። ቃሉ ዐረብኛ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ ቃሉን ያስተረጕማል። ቁጥሩን ግን የሚያውቀው ስለሚመስለው አያስተረጕምም። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። በባዕድ አገር ያለ ሰው ከቃሉ ይልቅ ቁጥሩን ማስተርጐም ይገባዋል።

የሰዓት አቈጣጠራችንም እንዲሁ ነው። እኛ ቀኑን የምንቈጥረው ከንጋት ጀምረን ነው፤ በካርቱምና በብዙው ዓለም ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ይቈጥራሉ። በእነርሱ ከቀኑ 2 ሰዓት የሚባለው በእኛ 8 ሰዓት ነው። አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ ባለሥልጣኖቻችን እዚህ ላይ አንዲት ፊደል ልብ እንድትሉ እንለምናለን። «በ8 ሰዓት ይሰጠው» ማለት ከቀትር በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጠው ማለት ነው። «በየ8 ሰዓቱ ይሰጠው» ማለት ግን በቀንና በሌሊት ሦስት ጊዜ፣ ማለትም ጧት በ12፣ ቀን በ8፣ ማታ በ4 ሰዓት ይሰጠው ማለት ነው። ልዩነታቸው «የ» የምትባል አንዲት ፊደልና በመጨረሻው የምትገኘው «ቱ» ብቻ ናት። በሽተኛው ግን በአንደኛው አነጋገር አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው ሦስት ጊዜ መድኃኒት ያገኛል። ስለዚህ ማዘዣ ወይም ማስታወሻ የሚጽፍ ሁሉ ሁለቱንም አብሮ ቢጽፍ፣ ይኸውም «በየ8 ሰዓቱ፤ ጧት፣ ከቀትር በኋላ፣ ማታ» ቢል ስሕተት ይቀንሳል።

ካርቱምን ካነሣን ዘንድ፣ ይህች ከተማ ራሷ በመድኃኒት ልክ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ እንዳላት መናገር ይገባናል። በ1910 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1918፣ በካርቱም ሲቪል ሆስፒታል ይሠራ የነበረ ዶክተር ጆን ብራያን ክሪስቶፈርሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ አንቲሞኒ ያለበትን መድኃኒት በደም ሥር በመርፌ በመስጠት ብልሃርዚያ የተባለውን በሽታ ማዳን እንደሚቻል ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አስታወቀ። ያ መድኃኒት በአንድ በኩል የበሽታውን ትል ይገድላል፤ በሌላ በኩል ግን ልክ ካለፈ ያስመልሳል፣ ልብንም ያደክማል። ስለዚህ ሐኪሙ በግማሽ ግሬን ጀምሮ፣ ከፍ እያደረገ፣ እስከ 2 ግሬን ያደርስ ነበር። ግሬን የዚያ ዘመን የሚዛን መለኪያ ነው፤ ስሙም የእህል ቅንጣት ማለት ነው። አንዱ ግሬን 65 ሚሊግራም ያህል ይመዝናል። በእህል ቅንጣት ልክ በሚሰፈር መድኃኒት የሰው ሕይወት ይድን ወይም ይጠፋ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ለብልሃርዚያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የተባለ ክኒን ነው። እርሱም በብዙ ቦታ ለእያንዳንዱ ኪሎግራም ክብደት 40 ሚሊግራም ሆኖ በአንድ ጊዜ ይሰጣል።

አንቲሞኒ ግን በሌላ መልኩ ከእኛ ጋር ቈይቷል። ከደጋው ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱ ወጣቶች፣ እንዲሁም በማዶ በገዳሪፍ በኩል ያሉ ሰዎች ካላዛር በተባለው በሽታ ይያዛሉ። ለዚህ በሽታ በምሥራቅ አፍሪካ ለብዙ ዓመታት ዋናው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለው የአንቲሞኒ መርፌ ነበር። ከዚያም ፓሮሞማይሲን ከተባለ መድኃኒት ጋር ለ17 ቀን አብሮ ሲሰጥ ቈይቷል። የዚህ መርፌ ልክ ለእያንዳንዱ ኪሎግራም በቀን 20 ሚሊግራም አንቲሞኒ ነው፤ በጠርሙሱም በ1 ሚሊሊትር ውስጥ 100 ሚሊግራም ይገኛል። አንድ በሽታ ያከሳው የቀን ሠራተኛ 45 ኪሎግራም ይመዝናል እንበል። 45 ጊዜ 20፣ 900 ሚሊግራም ይሆናል፤ ለ100 ሲካፈል 9 ሚሊሊትር ነው። ሐኪሙ ሳይመዝን በቁመቱ ብቻ 60 ኪሎግራም ቢገምተው ግን 12 ሚሊሊትር ይወጋዋል። ይህም ከልኩ በሲሶ ይበልጣል፤ መድኃኒቱም ልብን የሚነካ ነው። እንግዲህ በዚያ በረሓ ላይ ለሚሠራ ጤና ጣቢያ ሚዛን የመድኃኒቱን ያህል ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እስካሁን የተናገርነው ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ መድኃኒት ነው። ራሳችን በውኃ የምንበጠብጠው ደግሞ አለ። በዚህ ጊዜ ኀይሉን የሚወስነው ፋብሪካው ሳይሆን የእኛ እጅ ነው። ለልጆች የሚሰጡ ብዙ የፀረ ተሕዋሲያን ሽሮፖች በደረቅ ዱቄት ይመጣሉ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በጠርሙሱ ላይ እስከ ተመለከተው መስመር ድረስ ይጨመርበታል፤ ይኸውም ሁለት ጊዜ ተከፍሎ፣ እየተነቀነቀ ነው። ውኃው ካነሰ እያንዳንዱ ማንኪያ ከታሰበው ይበረታል፤ ከበዛም ይደክማል። ከመስጠታችሁም በፊት ሁልጊዜ ነቅንቁት። ሳይነቀነቅ ቢሰጥ የላይኛው ቀጭን ፈሳሽ በመጀመሪያው ቀን፣ የታችኛው ወፍራም ዝቃጭ በመጨረሻው ቀን ይሰጣል። እንደ ካርቱም ባለ በጋው ከ40 ዲግሪ በሚያልፍ አገር ደግሞ አቀማመጡ ይጠበቅ፤ ከተበጠበጠ በኋላ የሚቈይበት ቀን በጠርሙሱ ላይ ተጽፏልና።

ለተቅማጥ የሚሰጠውም ሕይወት አድን ንጥር እንዲሁ ነው። አንዱ ከረጢት የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው። በውስጡ 2.6 ግራም የምግብ ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ እንዲሁም ሌሎች ሁለት ጨዎች ይገኛሉ፤ በጠቅላላው 20.5 ግራም ይመዝናል። አንዳንድ እናቶች ልጁ ብዙ አይጠጣምና «ይበርታለት» ብለው ሙሉውን ከረጢት በአንድ ብርጭቆ ይበጠብጡታል። አንድ ብርጭቆ የሊትር ሩብ ቢሆን ጨውነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህም የደረቀውን ልጅ ይበልጥ ሊጐዳው ይችላል። እዚህ ላይ ማበርታት ማዳን አይደለም። በሱዳን በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የኮሌራ ወረርሽኝ መግባቱ ሲታወጅና በ2017 ዓ.ም. በካርቱም ሲበረታ ስንቱን ያተረፈው ይህ ጨውና ስኳር ያለበት ውኃ ነው፤ ያተረፈውም በልኩ ሲበጠበጥ ነው።

በበረኪናም ሒሳቡ ያው ነው። ጠርሙሱ «5 በመቶ» የሚል ከሆነና ለዕቃ ማጽጃ ግማሽ በመቶ የሚያስፈልገን ከሆነ፣ ዐሥር ጊዜ መቅጠን አለበት። ስለዚህ አንድ ኩባያ በረኪና በዘጠኝ ኩባያ ውኃ ይቀላቀላል እንጂ በዐሥር አይቀላቀልም። ዐሥሩ ከበረኪናው ጋር ተቈጥሮ ነውና።

አሁን ወደ ዴሙ ቤት ተመልሰን ጽሑፋችንን እንጨርስ። ሕፃኑ ከተሻለው በኋላ እናትየዋን «መድኃኒቱን የሸጠልሽ ሰው ምንም አልነገረሽም?» ብለን ጠየቅናት። ነግሯት ነበር። በማንጠባጠቢያው ላይ ያለውን መስመር በጣቱ እያሳየ በዐረብኛ አስረድቷት ነበር። እርሷም የገበያውን ዐረብኛ ታውቃለች፤ ይህን ግን በደንብ አልሰማችውም። ሰው ከኋላዋ ቆሟል፤ ልጁ በጀርባዋ ያለቅሳል። ስለዚህ «ጠይብ» ብላ ወጣች። «ጠይብ» በእኛ ቋንቋ «እሺ» ማለት ነው። ሻጩም «እሺ» ስትል የገባት መሰለው።

እነሆ፣ አማርኛን ለምትማሩ ባለሥልጣኖቻችን ይህን ቃል በተለይ እናሳስባለን። በመዝገበ ቃላት «እሺ» የስምምነት ቃል ነው። በሕዝባችን አፍ ግን ብዙ ጊዜ የአክብሮት ቃል ነው፤ «ሰምቼዎታለሁ፤ አላስቸግርዎትም» ለማለት ይነገራል እንጂ «ገብቶኛል» ለማለት ብቻ አይደለም። በክሊኒክም ቢሆን፣ በጽሕፈት ቤትም ቢሆን፣ «ገባዎት?» ተብሎ ሲጠየቅ «አልገባኝም» የሚል ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «እስቲ ቤት ሲደርሱ ስንት ቀድተው፣ በስንት ሰዓቱ እንደሚሰጡት ይንገሩኝ፤ ምናልባት እኔ በደንብ አላስረዳሁ ይሆናል» ማለት ይሻላል። በዚህ አነጋገር ጥፋቱ በጠያቂው ላይ ስለሚሆን ባለጉዳዩ አያፍርም። ስሕተቱም ቤት ሳይደርስ እዚያው ይታረማል።

እናትየዋ በ2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ልጇን አዝላ በመተማ በኩል ወደ አገሯ ገባች። ከቤቷ ዕቃ ብዙ አላወጣችም። ያቺን በአንድ ፊቷ የእኅቷ ማስታወሻ፣ በጀርባዋ የሽማግሌው ሒሳብ የተጻፈባትን ወረቀት ግን ከልጁ የክትባት ካርድ ጋር ይዛት መጥታለች።

አንባቢዎቻችንም በየቤታችሁ ያለውን የመድኃኒት ጠርሙስ ዛሬውኑ አውርዳችሁ በስንት ሚሊሊትር ስንት ሚሊግራም እንዳለው አንብቡ። ለመለማመጃም ይህችን ጥያቄ እንተውላችሁ። ሐኪም ለ12 ኪሎግራም ልጅ ለእያንዳንዱ ኪሎግራም 10 ሚሊግራም ፓራሲታሞል አዘዘ። ቤት ያለው ጠርሙስ «በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም» ይላል፤ ጐረቤት ያዋሰችው ደግሞ «በ1 ሚሊሊትር 100 ሚሊግራም» ይላል። ከእያንዳንዱ ስንት ሚሊሊትር ይቀዳል? ከመጀመሪያው 5 ሚሊሊትር፣ ከሁለተኛው 1.2 ሚሊሊትር ያላችሁ ትክክል ናችሁ። ይህን ሒሳብ የምታወጡት ግን የሐኪሙን ትእዛዝ ለመፈተሽ እንጂ በሐኪሙ ፈንታ ለማዘዝ አይደለም። መልሱ ከተጻፈላችሁ ጋር ያልተስማማ እንደ ሆነ መድኃኒቱን ከመስጠታችሁ በፊት ተመልሳችሁ ጠይቁ።